ከኮምቦልቻ ጋምቤላ፦ 650 ኪሎ ሜትር ስንት ሰዓት ነው?

መርሳ መናኸሪያ ላይ ቆማችሁ «ወልድያ ስንት ነው?» ብትሉ፣ «30 ኪሎ ሜትር» ብሎ የሚመልስላችሁ ሰው ጥቂት ነው። «ግማሽ ሰዓት፣ ቢበዛ አርባ ደቂቃ» ይላችኋል። ደሴን ብትጠይቁትም በሰዓት ነው የሚነግራችሁ፤ ምናልባትም «መንገዱ ሰላም ከሆነ» የሚል ይጨምርበታል። ይህ የሐብሩ ሰው አነጋገር ውስጡ ቁም ነገር አለው። ርቀት በካርታ ላይ ይለካል፤ ወደ ሰዓት የሚቀየረው ግን በመካከል ያለው መሬት፣ ማሽኑና ውሳኔ የሚሰጠው ሰው ሲታወቅ ነው።

ዛሬ ይህንን በሁለት ኤርፖርቶች እንፈትሸው። አንዱ ኮምቦልቻ ነው፤ ለመርሳና ለሐብሩ ሰው በጣም ቅርቡ ኤርፖርት። ሌላው ጋምቤላ ነው፤ በአገራችን ምዕራብ ዳር፣ ባሮ ወንዝ አጠገብ። ሁለቱ ምን ያገናኛቸዋል ትሉ ይሆናል። ከ1977 እስከ 1978 ዓ.ም ባለው ጊዜ ብዙ የወሎ ገበሬ ከቀዬው ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተወስዷል፤ ከመዳረሻዎቹም አንዱ ጋምቤላ ነበር። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ያለው መስመር የሒሳብ ልምምድ ብቻ አይደለም፤ ሰው የሄደበት ነው።

መጀመሪያ እንለካው

ካልኩሌተር ያዙ። ኮምቦልቻ ኤርፖርት በግምት 11.08 ዲግሪ ሰሜን፣ 39.71 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ይገኛል። ጋምቤላ ደግሞ 8.13 ዲግሪ ሰሜን፣ 34.56 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው።

ከሰሜን ወደ ደቡብ አንድ ዲግሪ ማለት የትም ቦታ ቢሆን ወደ 111 ኪሎ ሜትር ነው። የሁለቱ ልዩነት 2.95 ዲግሪ ስለሆነ በ111 ስናበዛው 327 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል።

ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሲሆን ትንሽ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የምድር ኬንትሮሶች ወደ ዋልታዎቹ እየተጠጉ ስለሚሄዱ፣ አንዱ ዲግሪ ከምድር ወገብ በራቅን ቁጥር ያጥራል። ምን ያህል እንደሚያጥር የሚነግረን የኬክሮሱ ኮሳይን ነው። በሁለቱ ቦታዎች መሐል ኬክሮሱ 9.6 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ኮሳይኑ 0.986። ስለዚህ 5.15 ሲባዛ በ111፣ ሲባዛ በ0.986፣ ወደ 564 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

አሁን ፓይታጎረስ ይጨርሰው። የ327 ካሬ ሲደመር የ564 ካሬ፣ ከዚያ ስኩዌር ሩት። መልሱ 652 ኪሎ ሜትር። ኮምፒዩተር ምድርን እንደ ኳስ ቆጥሮ በረጅሙ ቀመር ሲያሰላውም ከዚህ የሚለየው በአንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እኛ «650» እንበለው።

በመኪናስ? ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ ወደ 376 ኪሎ ሜትር፣ ከአዲስ አበባ በጅማ አድርጎ ጋምቤላ ደግሞ ከ750 በላይ ነው። ድምሩ ከ1,100 ኪሎ ሜትር ያልፋል። መሬቱ ገና ከጅምሩ ከቀጥታው ርቀት ከሁለት ሦስተኛ የሚበልጥ ጭማሪ አስከፍሎናል ማለት ነው። ተራራው፣ ሸለቆው፣ የዓባይና የገባሮቹ ሸንተረር ሁሉ በዚህ ልዩነት ውስጥ አለ።

በሰማይ የሚሄድ ሎንቺና

አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ አጠገብ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም ነው። ከጅቡቲ የመጣ የፈረንሳይ ሥራ ፖቴዝ ነበር፤ ያበረረውም አንድሬ ማዬ የሚባል ፈረንሳዊ። ወሎ ግን አውሮፕላንን በክፉ የምታስታውሰው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም የፋሺስት ኢጣሊያ አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ደበደቡ፤ ንጉሠ ነገሥቱ በከተማው ነበሩ፣ ሆስፒታሉም ተመታ። ደሴ በዚያን ቀን ለአውሮፕላን ቅርብ ነበረች። ለተሳፋሪ ግን ገና ሩቅ ነበረች።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም ተቋቋመ። የመጀመሪያ በረራውንም መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። አውሮፕላኖቹ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ፣ ሲ 47 የሚባሉ የዲሲ 3 ወታደራዊ ዝርያዎች ነበሩ። በመጀመሪያዎቹ ጊዜያት መቀመጫቸው በግራና በቀኝ የተዘረጋ አግዳሚ ነበር፤ መሐሉ ዕቃ ይጫንበታል። እናቶቻችን ሎንቺና ውስጥ ከዶሮና ከጆንያ ጋር እንደሚሄዱት ማለት ነው።

ዲሲ 3 ለኢትዮጵያ የተመቸ ማሽን ነበር። አስፋልት አይፈልግም፤ ሣር ወይም ጠጠር ላይ ይወርዳል፣ አጭር ሜዳም ይበቃዋል። በዚህ ምክንያት በቀጣዮቹ ዓመታት መኪና የማይገባባቸው ብዙ ቦታዎች አውሮፕላን ይገባባቸው ጀመር። ኮምቦልቻም፣ ላሊበላም፣ ጋምቤላም በየጊዜያቸው የዲሲ 3 መዳረሻዎች ነበሩ። አበራረሩም ሰንሰለት ነበር፤ አንድ አውሮፕላን ከአንዱ ሜዳ ተነሥቶ ሌላው ላይ ያርፋል፣ ሰው ያወርዳል፣ ቡና ይጭናል፣ ቀጥሎ ወደ ሦስተኛው ይሄዳል።

ሰዓቱስ? ዲሲ 3 በሰዓት 280 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል ብንል፣ 652 ለ280 ስናካፍለው 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይመጣል። ይህ በወረቀት ላይ ነው። በየመሐሉ ማረፍ፣ ነዳጅ መቅዳት፣ ዝናብ እስኪያልፍ መጠበቅ ሲታከልበት ቀኑ ያልቃል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነገር ነው። የላሊበላ የድሮው አፈር ሜዳ በክረምት ስለሚጨቀይ አውሮፕላን አያሳርፍም ነበር። በወረቀት ከአንድ ሰዓት ተኩል የማያልፈው በረራ፣ ሐምሌ ላይ «መስከረም ይጥባ» ሆነ።

ጋምቤላም የራሷ የክረምት ታሪክ አላት፤ ግን በተቃራኒው። አፄ ምኒልክ በ1902 እ.ኤ.አ ከእንግሊዝ ጋር ባደረጉት ውል ባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ ተፈቀደ፤ ክረምት ወንዙ ሲሞላ የእንፋሎት መርከብ ከካርቱም እስከ ጋምቤላ ይመጣ ነበር። ዝናብ ላሊበላን ሲዘጋ ጋምቤላን ይከፍታል። በአንድ አገር ውስጥ፣ በአንድ ወር፣ ያው ዝናብ አንዱን ያርቃል፣ ሌላውን ያቀርባል።

1977፦ እህልና ሰማይ

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም ቢቢሲ የማይክል በርክንና የመሐመድ አሚንን የኮረም ዘገባ አሰራጨ። ኮረም ያኔ የወሎ ክፍለ ሀገር አካል ነበረች፤ ከወልድያ በቆቦና በአላማጣ አልፎ የሚደረስባት። ዓለም ደነገጠ፣ እህል መምጣት ጀመረ። ችግሩ እህሉ የሚመጣው ወደብ ላይ መሆኑ ነው።

ከአሰብ የተጫነ ስንዴ ሚሌን፣ ባቲን፣ ኮምቦልቻንና ደሴን አልፎ፣ በሐይቅ፣ በውጫሌና በውርጌሳ በኩል መርሳ ይደርሳል፤ ከዚያ ወልድያ። ያ መንገድ ዛሬም ያለው ነው። ከወልድያ ወደ ሰሜን ግን በጦርነት ሳቢያ በየጊዜው ይዘጋ ነበር። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ደጋ ደግሞ መኪና አይወጣውም። እንግዲህ ሰማዩ የተፈለገው ለዚህ ነው።

የእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩለሶች፣ የምዕራብ ጀርመን ትራንሳሎች፣ የሶቪየት አንቶኖቭ 12ዎችና ሄሊኮፕተሮች በአንድ ሰማይ ላይ ተገናኙ። ቀዝቃዛው ጦርነት ባልበረደበት ዘመን ይህ ራሱ ያስገርማል። ማረፊያ በሌለበት፣ ለምሳሌ ሰሜን ሸዋ ራቤል ላይ፣ እህሉን ከአየር ይጥሉት ነበር፤ ያለ ፓራሹት።

ጆንያው ለምን አልፈነዳም? እስቲ እናስላ። አንድ ዕቃ ከ100 ሜትር ቢወድቅ፣ የአየሩን መጎተት ትተን፣ መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከ5 ሜትር ቢወድቅ ግን 36 ብቻ ነው። ስለዚህ አብራሪዎቹ መሬት ሊነኩ ጥቂት ሜትር እስኪቀራቸው ድረስ ዝቅ ብለው ይበሩ ነበር። ያም ሆኖ ጆንያው ከአውሮፕላኑ ጋር ወደፊት ይወረወራልና ይንከባለላል፤ ለዚህም ጆንያውን በሌላ ጆንያ ውስጥ ይከቱታል። የውስጡ ቢቀደድ የውጩ ይይዘዋል።

አሁን የሚያሳዝነውን ስሌት እንሥራ። አንድ ሄርኩለስ 20 ቶን ቢጭንና ለአንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ ቢታደል፣ ጭነቱ ለአንድ ወር የሚያበቃው 1,333 ሰው ነው። የተራበው ሚሊዮን ነበር። አንድ ተሳቢ ያለው ካሚዮን ከዚህ የማይተናነስ ይጭናል፤ ነዳጁም በጣም ያነሰ ነው። አውሮፕላኑ የብዙ ሰው ሕይወት አትርፏል፤ የመንገድን ሥራ ግን ሊተካ አልቻለም። ለመርሳ ወይም ለቆቦ ሰው ዋናው ጥያቄ የአውሮፕላኑ ፍጥነት አልነበረም፤ ካሚዮኑ ዛሬ ያልፋል ወይስ አያልፍም ነበር።

መሄጃው አንድ ሰዓት፣ መመለሻው ስንት?

በዚያው ዓመት ደርግ የሰፈራ ፕሮግራሙን በሰፊው ጀመረ። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ምዕራቡና ደቡብ ምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል ተወሰደ፤ ከግማሽ የሚበልጠው የወሎ ሰው ነበር። መዳረሻዎቹ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና መተከል ሲሆኑ ጋምቤላ ያኔ በኢሉባቦር ሥር ነበረች። ወደው የሄዱ ነበሩ፤ ተገደው የተጫኑም ብዙ ነበሩ። ባል ከሚስት፣ ልጅ ከወላጅ የተለያየበት ቤት አለ።

ከትግራይ ብዙው በአንቶኖቭ፣ ከወሎ ብዙው በአውቶቡስና በካሚዮን ተጓዘ። አንቶኖቭ 12 በሰዓት ወደ 570 ኪሎ ሜትር ይበራል፤ በዚህ ሒሳብ ከኮምቦልቻ ጋምቤላ 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ያህል ነው። ዲሲ 3 ከሚፈጅበት ግማሹ። የቴክኖሎጂ ታሪክ ብቻ የሚጽፍ ሰው እዚህ ላይ «ርቀቱ በግማሽ ቀነሰ» ብሎ ሊያልፍ ይችላል።

ግን አውሮፕላኑን እንየው። የአንቶኖቭ 12 የጭነት ክፍል አየሩ አይታመቅም፤ ማለትም ውጭ ያለው የአየር ግፊት ውስጥም ያው ነው። በእኛ ደጋ ላይ ለመብረር ቢያንስ ወደ 4,500 ሜትር መውጣት ያስፈልጋል ብንል፣ እዚያ ያለው ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው 57 በመቶ ብቻ ነው። ጤነኛ ሰው ራሱን ያመዋል፣ ይተነፍሳል እንጂ አይጠግብም። በረሃብ የደከመ፣ ሕፃን የታቀፈ፣ ትኩሳት ያለበት ሰው ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት። በአውሮፕላኑ ውስጥ ሰው ከመጠን በላይ ይታጨቅ እንደነበር ደግሞ ከሰፋሪዎች አፍ የሰበሰቡ ተመራማሪዎች መዝግበውታል።

ከዚያ ማረፊያው። ኮምቦልቻ ኤርፖርት ከባሕር ጠለል በላይ 1,860 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ጋምቤላ 500 ገደማ። አየሩ ሌላ፣ ሙቀቱ ሌላ፣ አፈሩ ሌላ። ወባ በማያውቀው ደጋ ያደገ ሰውነት ወባ በሚበዛበት ቆላ ተጣለ። የደጋ ገበሬ በዕድሜው ያከማቸው የዘር፣ የአፈርና የዝናብ ዕውቀት እዚያ ብዙም አልሠራለትም። መሬቱም ባዶ አልነበረም፤ የአኙዋክና የሌሎች ሕዝቦች ርስት ነበር። እነሱም ሳይጠየቁ ነው እንግዳ የመጣባቸው።

አሁን የመመለሻውን ሰዓት አስሉ። ለሰፋሪው የመልስ ቲኬት የለውም። ከሰፈራ ጣቢያ ሾልከው ወደ አገራቸው በእግር ለመመለስ የተነሡ ነበሩ። መንገዱ 1,100 ኪሎ ሜትር ቢሆንና በቀን 30 ኪሎ ሜትር ቢራመዱ ከ36 ቀን በላይ ነው፤ ያውም ሳይያዙ፣ ሳይታመሙ፣ ስንቅ ሳይጨርሱ። አንዳንዱ መንገድ ቀረ። ሌላው የደርግ መንግሥት እስኪወድቅ ጠብቆ በ1983 ዓ.ም ተመለሰ። ለእሱ ከጋምቤላ ወሎ ስድስት ዓመት ነበር።

ፊዚክስ ላይ ከ«ሀ» ወደ «ለ» ያለው ርቀት ከ«ለ» ወደ «ሀ» ካለው ጋር እኩል ነው። በታሪክ ውስጥ እኩል የሚሆነው ሰው በፈቃዱ ሄዶ በፈቃዱ መመለስ ሲችል ብቻ ነው።

ዛሬ፦ ሁሉም መስመር ቦሌ ይገባል

ወደ ዘመናችን እንምጣ። አየር መንገዱ በ1996 እ.ኤ.አ ፎከር 50ን፣ በ2010 እ.ኤ.አ ደግሞ ቦምባርዲየር ኪው 400ን ለአገር ውስጥ በረራ አስገባ። ኪው 400 በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር ቢበር ከኮምቦልቻ ጋምቤላ 1 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ነው፤ መነሻና ማረፊያው ሲጨመር 1 ሰዓት ከ25። ግን ቀጥታ በረራ የለም፤ በአዲስ አበባ በኩል ነው የሚኬደው።

ለምን? ይህም ሒሳብ አለው። ሃያ ኤርፖርቶች ቢኖሩና እያንዳንዱን ከእያንዳንዱ ጋር በቀጥታ ማገናኘት ቢፈለግ 190 መስመር ያስፈልጋል፤ 20 ሲባዛ በ19፣ ሲካፈል ለ2። ሁሉንም በአንድ ማዕከል ካገናኘን ግን 19 መስመር ይበቃል። ከኮምቦልቻ ጋምቤላ በየቀኑ የሚሄድ ሰባ ሰው አይገኝም፤ ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ ግን ሊገኝ ይችላል። የዲሲ 3 ሰንሰለት ቀርቶ የጃንጥላ ዘንግ የመሰለ አሠራር የመጣው ለዚህ ነው። ትልልቆቹና ፈጣኖቹ አውሮፕላኖች አስፋልት ስለሚፈልጉና መኪና መንገዱም ስለተሻሻለ፣ ከድሮዎቹ የሣር ሜዳዎች ብዙዎቹ ከበረራ ውጭ ሆነዋል።

በቦሌ በኩል መዞሩ ምን ያህል ያረዝመዋል? ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ በአየር 254 ኪሎ ሜትር፣ ከአዲስ አበባ ጋምቤላ 475፤ ድምሩ 729። ከቀጥታው የሚበልጠው በ77 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። በኪው 400 ስምንት ደቂቃ! ሁሉም ጥንድ ግን እንዲህ ዕድለኛ አይደለም። ላሊበላና ባሕር ዳር በቀጥታ 185 ኪሎ ሜትር ሲራራቁ፣ በአዲስ አበባ በኩል ከሆነ 668 ይሆናል።

ስምንት ደቂቃ ብቻ ከሆነ ታዲያ የመርሳ ተጓዥ ለምን ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ይውላል? በምሳሌ እንቁጠረው። ከመርሳ በደሴና በሐረጎ ቁልቁለት ኮምቦልቻ ወደ 115 ኪሎ ሜትር፣ ሦስት ሰዓት እንበል። ኤርፖርት ቀድሞ መገኘት ሁለት ሰዓት። በረራ አንድ ሰዓት። ቦሌ ላይ ጥበቃ ሦስት ሰዓት። ሁለተኛው በረራ አንድ ሰዓት ከሩብ። ድምሩ 10 ሰዓት ከ15 ደቂቃ። የተጓዘው 844 ኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 82 ኪሎ ሜትር ነው። የደህና ሚኒባስ ፍጥነት! ከአሥሩ ሰዓት ውስጥ አየር ላይ የዋለው ሁለት ሰዓት ከሩብ ብቻ ነው። አውሮፕላኑን በእጥፍ ብታፈጥኑት እንኳ የምታተርፉት ከአንድ ሰዓት ትንሽ ያለፈ ነው። ቦሌ ላይ ያለውን ጥበቃ ከሦስት ወደ አንድ ሰዓት ብታወርዱት ግን ሁለት ሰዓት ታተርፋላችሁ። መሐንዲስ የሚሆን ሰው «ፈጣን ማሽን እንሥራ» ከማለቱ በፊት፣ ሰዓቱ በትክክል የት ላይ እንደሚባክን ቢጠይቅ ይሻላል።

ወልድያስ? ለወልድያ በቀጥታ መስመር የሚቀርባት ላሊበላ ነው፤ 69 ኪሎ ሜትር። ኮምቦልቻ 84 ነው። በመኪና ግን ላሊበላ ለመድረስ በድልብ አቀበት ወጥቶ፣ በጋሸና ዞሮ መሄድ ግድ ነው፤ መንገዱ ከቀጥታው ርቀት እጥፍ በላይ ይሆናል። ሁለት ኤርፖርቶች በመካከላቸው የያዟት ከተማ ናት፤ ወደ ሁለቱም የምትደርሰው ግን በጎማ ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ አካባቢውን ሲያዳርስ ደግሞ ወደ ሁለቱም ኤርፖርቶች የሚደረገው በረራ ተቋርጦ ነበር። ካርታው አልተለወጠም፤ 69ም 69 ነው፣ 84ም 84። ሰዓቱ ግን የማይቆጠር ሆነ።

እንግዲህ 650 ኪሎ ሜትር ስንት ሰዓት ነው? በዲሲ 3 ሁለት ሰዓት ከሃያ፣ በኪው 400 አንድ ሰዓት ከሃያ አምስት፣ በቦሌ በኩል ከመርሳ ለሚነሣ አሥር ሰዓት፣ በእግር ለተመለሰው ሰፋሪ ከ36 ቀን በላይ፣ ዕድሉን ለጠበቀው ስድስት ዓመት። ሁሉም መልሶች ትክክል ናቸው።

አሁን ተራው የእናንተ ነው። ከምትኖሩበት ከተማ ሩቅ የሆነ አንድ ኤርፖርት ምረጡ፤ የሁለቱን ኬክሮስና ኬንትሮስ ከስልካችሁ ካርታ አውጡና ከላይ ባለው ዘዴ ርቀቱን አስሉ፣ ለ600 አካፍሉት። ከዚያ ቤት ውስጥ ያሉ ትልልቅ ሰዎችን «እዚያ ለመድረስ በእናንተ ጊዜ ስንት ቀን ይፈጅ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። የሁለቱን መልሶች ልዩነት ጻፉት። እዚያ ልዩነት ውስጥ የአካባቢያችሁን ታሪክ ታገኙታላችሁ።